በድሬዳዋ የቤት ውስጥ እርሻ የሰብልን ጤና በካሜራ ለመከታተል የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በድሬዳዋ ወይም በሐረር ከተማ በመጋዘን፣ በኮንቴይነር ወይም በመኖሪያ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ በሶብላ ወይም የቲማቲም ችግኝ ያለ አፈር በመደርደሪያ ላይ ለሚያለሙ ሰዎች ነው። ቤት ውስጥ የሚያድግ ተክል ብርሃኑንም፣ ውኃውንም፣ ምግቡንም የሚያገኘው ከሰው እጅ ብቻ ነው። አንዲት የጠብታ መስኖ ቀዳዳ ብትደፈን ወይም አንድ ቬንትሌተር ቢቆም፣ ሥሩን ሰድዶ ሌላ ውኃ የሚፈልግበት ቦታ የለውም። ጉዳቱ ለዓይን ግልጽ እስኪሆን ድረስ ከተጠበቀ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ለመድረስ አንድ ሳምንት የቀረው ሰላጣ ከነመደርደሪያው ሊበላሽ ይችላል። ተክሉ መቸገር ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ ችግሩ አፍጥጦ እስከሚወጣበት ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀናት ነው፤ ካሜራ የሚያገለግለውም በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። አንድ ፎቶ ብቻውን ስለ ተክል ጤና የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚናገረው ከትናንቱ ፎቶና ከጎረቤቱ ተክል ጋር ሲነጻጸር ነው። ለማነጻጸር ደግሞ ብርሃኑ፣ ርቀቱ፣ ሰዓቱና የካሜራው ቅንብር ሳይለወጡ መቆየት አለባቸው። ውድ ካሜራ ገዝቶ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ ከሚያነሣ ሰው ይልቅ፣ በእጁ ባለው ስልክ ከአንድ ቦታ ሳያዛንፍ የሚያነሣው ችግሩን ቀድሞ ያገኘዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ይህን አለመለዋወጥ ለማስጠበቅ የተቀመጡ ናቸው።

ምን ያስፈልጋል፣ ምንስ ይቅደም?

ለመጀመር የሚበቃው «ፕሮ» የሚባለው የካሜራ ምርጫ ያለው ስልክ፣ ስልኩን አጥብቆ የሚይዝ ማቆሚያ፣ ሁለት ነጭ የኤልኢዲ መብራቶች፣ ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ግራጫ ካርድ፣ ማስመሪያና ደብተር ነው። ገንዘብ ሲገኝ ቀጥሎ የሚገዛው ስልክ ላይ የሚሰካ ቴርማል ካሜራ (የነገሮችን ሙቀት በቀለም ለይቶ የሚያሳይ) ነው። ከቴርማሉ በፊት የኢንፍራሬድ ካሜራን (ቅጠል የሚያንጸባርቀውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚያነሣውን) የሚያስቀድሙ አሉ፤ በእኔ አመለካከት ግን ይህ ቅደም ተከተል ለድሬዳዋ አይስማማም። የከተማችን የቤት ውስጥ እርሻ ሁለት ትልልቅ ፈተናዎች ሙቀትና ኖራ የበዛበት ውኃ ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ስትሆን፣ ውኃዋን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው። ውኃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያው ቅርፊት የጠብታ መስኖውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ባይካርቦኔቱ ደግሞ የውኃውን ፒኤች (አሲዳማነቱ ሲቀንስ የሚጨምረውን ቁጥር) ከፍ አድርጎ ተክሉ ብረት እንዳያገኝ ይከለክለዋል። የውኃ መቋረጥንና የሙቀት ጫናን ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳየው ቴርማል ካሜራ ነው፤ የብረት እጥረትን ደግሞ ተራ የቀለም ፎቶ በሚገባ ያሳያል። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሐረር ሙቀቱ ስለሚቀል፣ ቴርማሉን ለጊዜው አቆይቶ በቀለም ፎቶ ብቻ ረጅም መንገድ መሄድ ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ብርሃኑን ያስተካክሉ

በብዙ የቤት ውስጥ እርሻዎች የሚሰቀለው ሐምራዊ የሚመስል መብራት የሚሰጠው በ660 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቀይና በ450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። ለተክሉ ዕድገት የሚበቃ ቢሆንም አረንጓዴ ብርሃን ስለሌለበት በሥሩ የተነሣ ቅጠል ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ ጤነኛውንና የገረጣውን መለየትም ያዳግታል። ስለዚህ ፎቶ በሚነሣበት ሰዓት የዕድገት መብራቱን ለአንድና ሁለት ደቂቃ አጥፍተው በነጭ መብራት ይተኩት። ለዚህ ያህል ጊዜ ቢጠፋ ተክሉ ምንም አይሆንም። ነጩ መብራት በካርቶኑ ላይ ሲአርአይ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ ይህ ቁጥር መብራቱ ቀለማትን ምን ያህል ሳያዛባ እንደሚያሳይ የሚገልጽ ነው። ሁለቱን መብራቶች ከግራና ከቀኝ ሰያፍ አድርገው ያቁሟቸው፤ መብራቱ ከካሜራው ጎን ከሆነ የቅጠሉ ገጽ ያብለጨልጭና ቀለሙን ይውጠዋል። በዚሁ ምክንያት የስልኩን ፍላሽ አይጠቀሙ። ከመስኮት የሚገባ ፀሐይ ካለም መጋረጃ ይጋረድ።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ በመሆኑ ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይናችን አይለየውም፤ ፎቶው ላይ ግን ጥቁር ግርፋት ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው የካሜራውን ሸተር (ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ላይ ማድረግ ነው። ብርሃኑ የሚቀነስና የሚጨመር መብራት ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ይጠቀሙበት፤ ሲቀነስ ብልጭታው ይብሳል።

ደረጃ 2፦ የሚነሡትን ቦታዎች ይምረጡና ይቆልፉ

እያንዳንዱን ተክል ማንሣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በእያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ችግር አስቀድሞ ሊታይባቸው የሚችሉ ነጥቦችን መምረጥ ይበቃል። አንደኛው ከፓምፑ በጣም የራቀው የቱቦው ጫፍ ነው፤ የውኃ ግፊት ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠማው እሱ ነው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው በምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ያለው ትሪ ነው፤ በድሬዳዋ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይህ ግድግዳ ማታም ሙቀቱን አይለቅም። ሦስተኛው መሐል ላይ ያለ፣ ምንም ችግር ይገጥመዋል ተብሎ የማይጠበቅ ትሪ ነው፤ ሌሎቹ የሚነጻጸሩት ከእሱ ጋር ነው።

ነጥቦቹን በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉባቸው። ካሜራው ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚያይ፣ ከቅጠሉ በላይ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ይሁን፤ ማቆሚያው የሚቀመጥበትም ቦታ ምልክት ይደረግበት። ግራጫው ካርድና ማስመሪያው በፎቶው አንድ ጥግ፣ በቅጠሉ ከፍታ ልክ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ይቀመጡ። የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲዋዥቅ የመብራቱ ድምቀት ሊለወጥ ይችላል፤ ግራጫው ካርድ ከትናንቱ ጠቆር ወይም ነጣ ብሎ ከታየ የተለወጠው ብርሃኑ እንጂ ቅጠሉ አለመሆኑን በዚያ ያውቃሉ።

በዚህ ርቀት ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይም ማወቅ ይገባል። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ትሪ በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ ሲያነሡ ወርዱ በ4,000 ፒክስል ይከፈላል፤ አንዱ ፒክስል የሚሸፍነው 0.15 ሚሊሜትር ያህል ነው ማለት ነው። የቅጠል ቀለምና ቅርጽ ለማየት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላው ቀይ ሸረሪት ግን ሦስት ፒክስል ብቻ ስለምትይዝ ከአቧራ አትለይም። ስለዚህ ከላይ የሚነሣው ፎቶ ለተባይ አይሆንም፤ ለተባይ የተለየ አሠራር ከዚህ በታች ተቀምጧል።

ደረጃ 3፦ የካሜራውን ቅንብር በእጅ ይወስኑ

የዘመኑ ስልክ ፎቶን ለማስዋብ የተሠራ ነው፤ አረንጓዴ ነገር ባየ ቁጥር አረንጓዴነቱን ያጎላዋል። ይህ ለማስታወሻ ፎቶ መልካም ሊሆን ይችላል፤ የገረጣን ቅጠል ጤነኛ አስመስሎ ማቅረቡ ግን ለእኛ ጉዳት ነው። ስለዚህ ኤችዲአር፣ ኤአይ እና ማንኛውም የማስዋቢያ ምርጫ ይጥፋ። በ«ፕሮ» ውስጥ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሸተር 1/100 ወይም 1/50፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ማመጣጠኛ) 5,000 ኬልቪን አድርገው ይጀምሩ፤ ፎቶው ከጨለመ አይኤስኦውን ከመጨመር ይልቅ መብራቱን ያቅርቡ። አንድ ጊዜ ተስማሚውን ካገኙ ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጽፈው ከዚያ ወዲያ አይነካኩ። ዙም አይጠቀሙ። በከተማችን አቧራ ስለሚበዛ ሌንሱን ከማንሣትዎ በፊት ሁልጊዜ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ አቧራ ያለበት ሌንስ የሰጠው ደብዛዛ ፎቶ የሻጋታ መጀመሪያ ሊመስል ይችላል።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱንና ስያሜውን ያስተካክሉ

በቀን አንድ ጊዜ፣ መብራት ከበራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ያንሡ። ቅጠል በቀን ውስጥ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ በተለያየ ሰዓት የተነሡ ፎቶዎችን ማነጻጸር ያሳስታል።

እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። ስልኩ ፎቶው ላይ የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ሠራተኛው ደብተሩ ላይ የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ስልኩ 8:00 ያለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ደብተሩ ላይ «8 ሰዓት» የተባለው ደግሞ በስልኩ 14:00 ነው። ፓምፕ የቆመበት ሰዓትና ፎቶ የተነሣበት ሰዓት በስድስት ሰዓት ሲዛነፉ ምክንያትና ውጤት ይገለበጣሉ። ስለዚህ የፎቶው ፋይል ስም የስልኩን ቀን ይዞ እንዲቆይ ይተዉት፤ በደብተሩ ላይ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ለምሳሌ «መስከረም 20 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በስልኩ 2025-09-30፣ 8:00)፣ መደርደሪያ 3፣ ነጥብ 2» በሚል። በዚያው መስመር ላይ የውኃውን ፒኤችና ኢሲ (በውኃው ውስጥ የሟሟውን ማዳበሪያና ጨው መጠን የሚያሳይ ልኬት)፣ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት፣ መብራት ጠፍቶ ከነበረም ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደነበር ያስፍሩ። አሥር ነጥቦች በየቀኑ ቢነሡና እያንዳንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን በወር 1.2 ጊጋባይት ስለሚሞላ ቦታ አያሳስብም፤ ይልቅስ ፎቶዎቹ ስልኩ ላይ ብቻ እንዳይቀሩ በየሳምንቱ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጡ።

ደረጃ 5፦ የቀለም ፎቶውን ማንበብ

የትናንቱንና የዛሬውን ጎን ለጎን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቢጫው የጀመረው ከአሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ከአዲሱ የሚለው ነው። ተክል ናይትሮጅንን ከአሮጌ ቅጠል አንሥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ስለሚችል፣ ናይትሮጅን ሲያንሰው ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ በሆነ ሁኔታ ይገረጣሉ። ማግኒዥየምም እንዲሁ ይዛወራል፤ ነገር ግን ቢጫው በአሮጌው ቅጠል ጅማቶች መካከል ብቻ ይወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ይቃጠላል። ብረት ግን አንድ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ፣ እጥረቱ የሚታየው ገና በመውጣት ላይ ባለው ቅጠል ነው።

በድሬዳዋ ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው ይህ የመጨረሻው ነው። አንዱን ሰላጣ ቀረብ ብለው ሲያነሡት ከእምብርቱ የወጣው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቅጠል ወደ ቅቤ ቀለም ያደላ ሆኖ፣ ጅማቶቹ ብቻ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። በዙሪያው ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ግን ምንም ያልነካቸው ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ከግንዱ አጠገብ የቱቦው አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ፒኤች መለኪያው ወደ ውኃው ሲገባ ከ7 በላይ ያነባል። ይህን ያየ ሰው ማዳበሪያ ለመጨመር መቸኮል የለበትም። ብረቱ ውኃው ውስጥ አለ፤ ተክሉ ሊወስደው በማይችለው መልክ ተለውጦ ነው። ፒኤቹን ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው መካከል ማውረድ ይቀድማል፤ ለዚህም አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ጓንትና መነጽርም ይደረግ። የብረት ማዳበሪያውም ዓይነት ይታይ፦ ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ብረቱን ይለቀዋል፤ ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ግን ከ7 በላይም ይዞት ይቆያል። ዋጋው ከፍ ቢልም ለእኛ ውኃ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ምልክት የሰላጣ የውስጥ ቅጠል ጫፍ ቡናማ ሆኖ መቃጠሉ ነው። መጽሐፍ ሲገለጥ «የካልሲየም እጥረት» የሚል ይገኛል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን በካልሲየም በተሞላ ውኃ የሚያድግ ተክል ካልሲየም የሚያጥረው ከውኃው አይደለም። ካልሲየም ወደ ቅጠል የሚደርሰው ቅጠሉ በሚያተነው ውኃ ተስቦ ነው፤ በእምብርቱ ውስጥ የተጠቀለለው ቅጠል አየር ካልደረሰው አያተንም፣ ካላተነ ካልሲየም አይደርሰውም። ስለዚህ ፎቶው ይህን ምልክት ካሳየ መስተካከል ያለበት የቬንትሌተሩ አቅጣጫ ነው፤ ንፋሱ በቅጠሉ ላይ ከጎን ብቻ ሳይሆን ከላይ ወደ እምብርቱም ይድረስ። በማዳበሪያ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ኢሲውን ከፍ አድርጎ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለተባይ ሁለት ዓይነት ፎቶ ይነሣል። የመጀመሪያው በየመደርደሪያው የሚሰቀለው ቢጫ ሙጫ ወረቀት ፎቶ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በዚያው ቀን ይነሣና የተጣበቁት ነጭ ዝንቦች፣ ትሪፕስ የተባሉት ደቃቅ ተባዮችና ክንፍ ያወጡ ክሽክሾች ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ሲጨምር የት መደርደሪያ ላይ እንደሆነ ያሳያል። ሁለተኛው የቅጠሉ ጀርባ በማክሮ ሌንስ (በጣም ቀርቦ በሚያነሣ ሌንስ) የሚነሣው ነው። ቀይ ሸረሪት ሙቀትና ደረቅ አየር ይስማማታል፤ የድሬዳዋ አየር ደግሞ ሁለቱንም ያሟላል። ድሯ ከመታየቱ አስቀድሞ በቅጠሉ ፊት ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ደቃቅ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ፤ ከላይ በተነሣው ፎቶ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ካዩ ቅጠሉን ገልብጠው ያንሡት።

ደረጃ 6፦ የቅጠሉን ስፋት ይለኩ

ተክል ከመገርጣቱ በፊት ማደጉን ሊያቆም ይችላል፤ ይህን ደግሞ ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ኢሜጅ ጄ የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። ፎቶውን ከፍተው በመጀመሪያ ማስመሪያውን ተከትሎ መስመር በመሥመርና ርዝመቱን በመንገር ሚዛኑን ያስገቡ። ቀጥሎ «ኢሜጅ»፣ «አድጀስት»፣ «ከለር ትሬሾልድ» የሚለውን መርጠው፣ «ሂዩ» በሚለው ላይ ከ45 እስከ 110 ባለው መካከል አረንጓዴውን ብቻ እንዲይዝ ያድርጉት፤ ከዚያ «ሴሌክት» ብለው «አናላይዝ» ከሚለው ሥር «ሜዠር» ሲሉ አረንጓዴው ቦታ በካሬ ሴንቲሜትር ይወጣል። ቁጥሮቹን አንዴ ከወሰኑ ለሁሉም ፎቶዎች ያው ይሁኑ። ቢጫ የሆነ ቅጠል ከዚህ ክልል ስለሚወጣ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የአረንጓዴው ስፋት ሲቀንስ ተክሉ አነሰ ወይስ ቢጫ ሆነ የሚለውን ፎቶውን አይተው ይለዩ። ቅጠሎቹ መደራረብ ከጀመሩ በኋላ ይህ ልኬት ትርጉሙን ያጣል፤ ስለዚህ የሚያገለግለው ለችግኝና ለመካከለኛ ዕድሜ ነው። እኔ የምከተለው ደንብ አንድ ነጥብ ከመሐለኛው ነጥብ አንጻር ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወደ ኋላ ከቀረ ሄዶ በእጅ መመርመር ነው።

ደረጃ 7፦ በቴርማል ካሜራ መመልከት

ተክል በቅጠሉ ቀዳዳዎች ውኃ ሲያተን ይቀዘቅዛል። ውኃ ሲያጥረው ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ትነቱ ሲቆም ቅጠሉ ይሞቃል። ይህ የሚሆነው ቅጠሉ ከመጠውለጉ በፊት ስለሆነ ነው ቴርማል ካሜራ የሚፈለገው። ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ትነት ስለሚበረታ በሚያተንና በማያተን ቅጠል መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ የድሬዳዋ ደረቅ አየር በዚህ በኩል ይረዳናል። ክፍሉ በእርጥበት ከታፈነ ግን ልዩነቱ ይጠብባል።

ካሜራውን ከሰኩት በኋላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል በርቶ ይቆይ። ኢሚሲቪቲ የሚለውን ቁጥር (አንድ ገጽ ሙቀቱን ምን ያህል እንደሚያመነጭ የሚገልጸውን) 0.95 ወይም 0.96 ያድርጉት፤ ለቅጠል የሚስማማው ይህ ነው። ርካሽ ቴርማል ካሜራዎች የሚያነቡት ዲግሪ ከእውነተኛው በሁለት ዲግሪ ያህል ሊዛነፍ ስለሚችል በቁጥሩ ላይ አይመኩ፤ በአንድ ፎቶ ውስጥ ባሉ ሁለት ቅጠሎች መካከል ያለውን ልዩነት ግን በደህና ያሳያሉ። የምስሉ ጥራትም ዝቅተኛ ነው። ወርዱ 160 ፒክስል የሆነና 57 ዲግሪ የሚያይ ካሜራ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ አንዱ ፒክስል 7 ሚሊሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ሁለት ሴንቲሜትር የሆነች የችግኝ ቅጠል ሦስት ፒክስል ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ ለችግኝ እስከ ግማሽ ሜትር ይቅረቡ። በመስታወት ወይም በፖሊካርቦኔት መስኮት በኩል አያንሡ፤ ካሜራው የሚያነበው የመስታወቱን ሙቀት እንጂ የቅጠሉን አይደለም። የሚያብረቀርቅ ብረትም የሌላውን ሙቀት ስለሚያንጸባርቅ ያሳስታል፤ የብረት ታንከር ሙቀት ማንበብ ከፈለጉ ጥቁር ፕላስተር ለጥፈው ፕላስተሩን ያንብቡ።

የሚነሣበት ሰዓት መብራቱ ከበራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሙቀቱን ለመሸሽ ብዙ ሰው የዕድገት መብራቱን ማታ አብርቶ ቀን ያጠፋል፤ ይህ ብልህ አሠራር ነው። በዚህ ጊዜ የቴርማል ፎቶውም ሌሊት ሊነሣ ይገባል፤ በጨለማ ቀዳዳቸው የተዘጋ ቅጠሎችን አንሥቶ «ተክሉ ተጠማ» ማለት ስሕተት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ጠፍቶ ከመጣም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው መደርደሪያ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መደርደሪያ ከራሱ ጋር ብቻ ይነጻጸር። በአንድ መደርደሪያ ላይ ከጎረቤቶቹ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል የሞቀ ተክል ካለ ሄጄ በእጄ እፈትሸዋለሁ።

ሙቀቱ የተሠራጨበት ቅርጽ ምክንያቱን ይጠቁማል። በሰማያዊ (ቀዝቃዛ) ምስል መካከል አንድ ረድፍ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርቱካንማ (ሞቃት) ሆኖ ከታየ የተደፈነ ቱቦ ነው፤ ከረድፉ ግማሽ ላይ ጀምሮ ከሆነ መዘጋቱ የብርቱካንማው ቀለም የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው፤ ቱቦውን እዚያ ፈትተው ነጩን ቅርፊት ያገኙታል። ትኩስ የሆኑት ተክሎች ሥርዓት በሌለው ሁኔታ እዚህም እዚያም ተበትነው ከታዩና ውኃ እየደረሳቸው ከሆነ ሥራቸው ሳይበሰብስ አይቀርም፤ አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩ። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ሲሆን፣ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጎትቱት ውጫዊ ልጡ ይላቀቃል። ይህ በሽታ የሚበረታው የውኃው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ ታንከሩን በጥላ ማቆየትና መሸፈን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የመደርደሪያው አንድ ወገን በሙሉ ከሞቀ ደግሞ ጉዳዩ የአየር ነው፤ የቆመ ቬንትሌተር ወይም ፀሐይ የመታው ግድግዳ ይፈለግ።

የበለጠ ጥንቃቄ ለሚፈልግ ሰው ሁለት ማነጻጸሪያ ቅጠሎች ማዘጋጀት ይቻላል። አንዱን ቅጠል ከሁለቱም ወገን ቫዝሊን ይቀቡታል፤ ስለማያተን የመጨረሻውን ሙቀት ያሳያል። ሌላውን ውኃ ይረጩታል፤ የመጨረሻውን ቅዝቃዜ ያሳያል። እርጥቡ 21፣ ቫዝሊን የተቀባው 27፣ የሚመረመረው 23 ዲግሪ ቢያነብ፣ 23 ከ21 ሲቀነስ 2፣ 27 ከ21 ሲቀነስ 6፣ 2 ለ6 ሲካፈል 0.33 ይሆናል። ውጤቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ተክሉ ውኃ ጠግቧል፤ ወደ 1 ሲጠጋ ቀዳዳዎቹን ዘግቷል።

ቴርማሉን በያዙበት እጅ የመብራቶቹን ሶኬትና የሽቦ መጋጠሚያም ይመልከቱ። እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ የላላ መጋጠሚያ ከሌሎቹ ይልቅ ግሎ ይታያል፤ ይህን አስቀድሞ ማግኘት ከእሳት አደጋ ያድናል።

ስለ ኢንፍራሬድ ካሜራና ስለ በሽታ ለዪ መተግበሪያዎች

ጤነኛ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ለዓይን የማይታየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ግን በብዛት ያንጸባርቃል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው በማካፈል የሚገኘው ኤንዲቪአይ የተባለ ቁጥር ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1972 ከመጠቀ በኋላ ለመስክ እርሻ ሲያገለግል የቆየ ነው። ቤት ውስጥ ግን አንድ እንቅፋት አለ፦ የዕድገት ኤልኢዲ መብራቶች በአብዛኛው ኢንፍራሬድ አይሰጡም። የሚንጸባረቅ ነገር ስለሌለ የኢንፍራሬድ ካሜራው ባዶ ምስል ይይዛል። ልጠቀምበት የሚል ሰው የ850 ናኖሜትር መብራት ጨምሮ፣ ነጭ ማነጻጸሪያ ሰሌዳም አድርጎ መሥራት ይኖርበታል። ለአነስተኛ እርሻ ይህ ወጪ ከሚሰጠው ጥቅም አይመጣጠንም።

ፎቶ አይተው የበሽታ ስም የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎችንም በልክ መጠቀም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ፕላንትቪሌጅ ከተባለው ስብስብ በ54,306 የቅጠል ፎቶዎች የተሠራ ፕሮግራም፣ ከዚያው ስብስብ በተለዩ ፎቶዎች ሲፈተን ከ99 በመቶ በላይ አግኝቶ ነበር፤ በሌላ ሁኔታ በተነሡ ፎቶዎች ሲፈተን ግን ወደ 31 በመቶ ገደማ ወርዷል። ፕሮግራሙ የተማረው ንጹሕ መደብ ላይ በተቀመጠ ነጠላ ቅጠል ነው፤ በእርስዎ መደርደሪያ ላይ ያለው የተደራረበ ቅጠል ደግሞ ሌላ ነው። መተግበሪያው የሚሰጠውን ስም ፍንጭ አድርገው ይውሰዱት፤ በዚያ ብቻ ተነሥተው ግን ኬሚካል አይርጩ።

ደረጃ 8፦ ከምስሉ በኋላ የሚደረገው

ካሜራ ችግሩ የት እንዳለ ይነግራል፤ ምን እንደሆነ የሚያረጋግጠው እጅና መለኪያ ነው። ምልክት ባሳየው ነጥብ ላይ በቅደም ተከተል የቱቦውን ፍሰት፣ የውኃውን ፒኤች፣ ኢሲና ሙቀት፣ ሥሩን፣ በመጨረሻም የቅጠሉን ጀርባ ይፈትሹ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ፒኤቹንም፣ ማዳበሪያውንም፣ አየሩንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። የተለወጠው ነገርና ቀኑ በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ፎቶውም በዚያው ነጥብ በየቀኑ ይቀጥል። የብረት እጥረት ከታከመ በኋላ ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ ሙሉ በሙሉ ላይለመልም ይችላል፤ መታየት ያለበት ከዚያ በኋላ የወጣው አዲስ ቅጠል ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲሱ ቅጠልም ያው ምልክት ይዞ ከወጣ፣ ወይም ነጠብጣቡ ከትሪ ወደ ትሪ ከተዛመተ፣ ናሙናው ባለሙያ ዘንድ ይድረስ። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት በኩል፣ ከሐረርም በሌላው አቅጣጫ ቅርብ የሆነው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ያለበት በመሆኑ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ የሚፈለግበት የመጀመሪያ ቦታ ነው። ተክሉን ከነሥሩ ይንቀሉት፤ ሙሉ በሙሉ የሞተውን ሳይሆን ጤነኛውና የታመመው ክፍል የሚገናኙበትን ይምረጡ። በደረቅ ጋዜጣ ጠቅልለው በጠዋት ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ይውሰዱት፤ በእርጥብ ፌስታል የታሸገ ናሙና መንገድ ላይ ይበሰብስና ዋናው በሽታ ሳይታወቅ ይቀራል። ከናሙናው ጋር የመጀመሪያው ምልክት ከታየበት ቀን ጀምሮ የተነሡትን ፎቶዎችና የፒኤችና የኢሲ መዝገቡን ግልባጭ አያይዘው ይስጡ።